ካፒቴን ማርያት፤ ባሕሩን ኖሮ የጻፈ መኰንን

ሰው የኖረበትን ሥራ ለመጻፍ ብዕር ሲያነሣ ሁለት ፈተና ያጋጥመዋል። አንደኛው ያየውን ሁሉ ከልክ በላይ የማስጌጥ ፍላጎት ነው። ሁለተኛው ደግሞ አለቆቹን እንዳያስቀይም ፈርቶ ክፉውን ደብቆ ደጉን ብቻ ማውጣት ነው። በሁለቱ መካከል ቀጥ ብሎ ለመሄድ የቻለ ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ የምናቀርበው እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኰንንና ደራሲ ካፒቴን ፍሬድሪክ ማርያት ከነዚያ ከጥቂቶቹ አንዱ ነበረ። በ24 ዓመት አገልግሎቱ ከጥይት፥ ከማዕበልና ከወረርሽኝ ተርፎ ያየውን በልብ ወለድ መልክ ስለ ጻፈ፥ የባሕር ጦርነት ልብ ወለድ የሚባለውን የድርሰት ዓይነት ከመሠረቱት ሰዎች መካከል ስሙ ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውሳለን።

ማርያት የተወለደው በጁላይ 10 ቀን 1792 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ነው። እናቱ ሻርሎት የአሜሪካ የቦስተን ተወላጅ ስትሆን፥ አባቱ ጆሴፍ ማርያት ባለጸጋ ነጋዴ፥ በኋላም የፓርላማ አባል ነበረ። የዚህ ሰው ሀብት ከምዕራብ ኢንዲስ ደሴቶች ጋራ የተያያዘ ነበረ። በነዚያ ደሴቶች ከአፍሪካ ተግዘው የሄዱ ሰዎች በባርነት ቀንበር ሥር ሸንኮራ ያለሙ ነበር፤ ጆሴፍ ማርያትም በፓርላማ ውስጥ ለባሪያ ጌቶቹ ጥቅም ከሚሟገቱት አንዱ ነበረ። ወደ ኋላ ስለምንመለስበት አንባቢ ይህን ነገር ልብ እንዲለው እንወዳለን።

ሕፃኑ ፍሬድሪክ ለትምህርት እምብዛም አልተመቸም። ልቡ ወደ ባሕር ሸፍቶ ስለ ነበረ ከትምህርት ቤት እየጠፋ ወደ ወደብ ይሄድ ነበር፤ እየፈለጉ ይመልሱታል፥ እርሱም እንደገና ይጠፋል። በመጨረሻው አባቱ ተሸነፈና በሴፕቴምበር 1806፥ ልጁ ገና 14 ዓመት እንደ ሆነው፥ ኢምፔሪየስ በምትባል 38 መድፍ በያዘች የጦር መርከብ ላይ ዕጩ መኰንን ሆኖ እንዲገባ ፈቀደለት። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኰንን ሙያውን የሚማረው በልጅነቱ ከመርከብ ገብቶ፥ ደቀል እየወጣ፥ ሸራ እየጠቀለለ፥ በአለቆቹ እየተገሠጸ ነበረ። የመማሪያ ክፍሉ የመርከቡ ወለል፥ ፈተናውም ጦርነቱ ራሱ ነበረ።

የኢምፔሪየስ አዛዥ ሎርድ ቶማስ ኮክሬን ነበረ። ኮክሬን ስሙ በዚያን ጊዜ በአውሮፓ የባሕር ዳርቻዎች ሁሉ የሚፈራ ሰው ነው። በ1801 ዓ.ም. ስፒዲ በምትባል 14 ትናንሽ መድፎችና 54 ሰዎች ብቻ በነበሯት መርከብ፥ 32 መድፍና 319 ሰዎች የያዘችውን ጋሞ የምትባለውን የእስፓኝ መርከብ ማርኳል። ድፍረቱ ግን የእብደት አልነበረም። ከማንኛውም ውጊያ በፊት የባሕሩን ጥልቀት፥ የነፋሱን አቅጣጫ፥ የጠላትን ልማድ አጥንቶ ይነሣ ስለ ነበረ፥ በጥቂት ሰው ብዙ ሥራ ለመሥራት ይችል ነበር። ለወጣቱ ማርያት ከዚህ የበለጠ መምህር ሊገኝለት አይችልም ነበር።

ሕፃኑ የሹማምንት ስሕተት ምን ያኽል ዋጋ እንደሚያስከፍል የተማረው ገና በመጀመሪያው ጕዞ ነው። ኢምፔሪየስ ዝግጅቷን ሳትጨርስ በወደቡ አዛዥ ትእዛዝ በጥድፊያ ወደ ባሕር እንድትወጣ ተደረገች። ከጥቂት ቀን በኋላም በኖቬምበር 1806 በፈረንሳይ ጠረፍ አጠገብ በሌሊት ከአለት ጋራ ተጋጨች፤ ለጥቂት ዳነች። ማርያት ይህን ሌሊት እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ያኽል የነበረው ኑሮው ከውጊያ ወደ ውጊያ መዝለል ነበረ። በጀልባ ሆነው በሌሊት ወደ ጠላት ወደብ ይገባሉ፤ ምሽግ ያፈርሳሉ፤ መርከብ ይማርካሉ። በአንድ ውጊያ ላይ ከፊቱ የነበረው መኰንን በጥይት ተመትቶ በላዩ ስለ ወደቀበት፥ ወጣቱ ትንፋሽ አጥሮት ከሬሳዎች ጋራ ተጋድሞ ከቈየ በኋላ ነፍሱን ያወቀ መሆኑ ይነገራል። በ1808 መጨረሻ ላይ ደግሞ ኮክሬን በእስፓኝ ጠረፍ በሮሳስ ከተማ የምትገኘውን የትሪኒዳድ ምሽግ ከፈረንሳዮች ሲከላከል ማርያት አብሮት ነበረ። የጠላት መድፍ ግንቡን በበሳው ጊዜ ኮክሬን ከቀዳዳው በስተ ውስጥ በኩል ስብ የተቀባ የሳንቃ ተንሸራታች አሠርቶ፥ ዘሎ የሚገባው ሁሉ ወደ ጥልቁ ጕድጓድ እንዲወርድ አድርጎ ነበር። ይህ ዓይነት ብልሃት ከሃያ ዓመት በኋላ በማርያት መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ እናገኘዋለን።

በኤፕሪል 11 ቀን 1809 ሌሊት ደግሞ ኮክሬን በባስክ ሮድስ መልሕቅ ጥለው በቆሙት የፈረንሳይ መርከቦች ላይ፥ ባሩድ የተሞሉና እሳት የተለኰሰባቸው መርከቦችን ነዳባቸው። ማርያትም የዚህ ዘመቻ ተካፋይ ነበረ። ፈረንሳዮች ደንግጠው የመልሕቃቸውን ገመድ እየቈረጡ ሲሸሹ አብዛኞቹ ከድልድል አሸዋ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ሆኖም የበላይ አዛዡ አድሚራል ጋምቢየር ዋናውን ጦር በጊዜው ስላላስከተለ ድሉ በከፊል ቀረ። ኮክሬን ይህን በግልጽ በተናገረ ጊዜ ጕዳዩ በጦር ፍርድ ቤት ታየ፤ አድሚራሉ በነጻ ተለቀቀ፥ የኮክሬን የባሕር ኃይል ዕድል ግን ከዚያ ወዲህ ተበላሸ። የ17 ዓመቱ ዕጩ መኰንን ይህን ሁሉ አየ። አለቃን በእውነት መንቀፍ ምን እንደሚያስከትል ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም።

በዚያው ዓመት በሆላንድ ጠረፍ ወደምትገኘው ወደ ዋልኸረን ደሴት ከዘመተው ጦር ጋራ ሄደ። በዚያ ዘመቻ 4,000 ያኽል የእንግሊዝ ወታደሮች በንዳድ ሲያልቁ በውጊያ የሞቱት ግን ከመቶ እምብዛም አልበለጡም። ማርያትም ንዳዱ ይዞት ታምሞ ተመለሰ። በ1811 ደግሞ ኤዎለስ በምትባል መርከብ በሰሜን አሜሪካ ጠረፍ ሳለ ኃይለኛ ማዕበል ተነሣ። መርከቧ በጐኗ ተጋደመች። ዋናውን ሸራ የሚሸከመው አግዳሚ እንጨት ካልተቈረጠ በቀር እንደማትቃና ታወቀ፤ ማርያት በፈቃዱ መጥረቢያ ይዞ በመውጣት ቈርጦ ጣለው፥ መርከቧም ዳነች። እንዲሁም ከባሕር የወደቁ ጓደኞቹን ለማውጣት ብዙ ጊዜ ከመርከብ ላይ እየዘለለ ገብቷል፤ ስለዚህም ሥራው በ1818 ሕይወት አዳኝ ከሆነው ከሮያል ሂውሜን ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ።

በ1812 መጨረሻ ሌፍተናንት፥ በ1815 ኮማንደር ሆነ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ናፖሌዎን ተሸንፎ ሰላም ስለ ወረደ ለብዙ መኰንኖች ሥራ ጠፋ። ማርያት ይህን የሥራ መፍታት ጊዜ በከንቱ አላሳለፈውም። በ1817 የንግድ መርከቦች በባንዲራ የሚነጋገሩበትን የምልክት መጽሐፍ አወጣ። አሠራሩ ቀላል ነበረ፤ የመርከቦች ስም፥ የወደቦችና የመብራት ማማዎች ስም፥ አስፈላጊ ዐረፍተ ነገሮችና ቃላት ሁሉ በቍጥር ይጻፋሉ፤ እያንዳንዱ አኃዝ የራሱ ባንዲራ አለው፤ መርከቧ ባንዲራዎቹን በተራ ስትሰቅል ሌላዋ ቍጥሩን አንብባ ከመጽሐፉ ትርጕሙን ታገኛለች። አንዱ መርከበኛ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቅ ችግሩንና መድረሻውን ለመንገር ይችላል ማለት ነው። ይህ መጽሐፍ ለአርባ ዓመት ያኽል የሠራ ሲሆን፥ ማርያትም በ1819 የእንግሊዝ ሳይንስ ማኅበር የሆነው የሮያል ሶሳይቲ አባል ለመሆን በቃ። በዚሁ ዓመት ኬትሪን ሼርፕን አግብቶ 11 ልጆች ወለዱ፤ ትዳሩ ግን እስከ መጨረሻ ሳይዘልቅ ተለያዩ።

በ1820 ቢቨር በምትባል መርከብ አዛዥነት ናፖሌዎን በግዞት ወደሚኖርበት ወደ ቅድስት ሄሌና ደሴት ተላከ። በሜይ 5 ቀን 1821 ናፖሌዎን ሲሞት ማርያት በዚያው ነበረ። ሥዕል መሣልም ያውቅ ስለ ነበረ የሟቹን መልክ በአስከሬኑ አልጋ ላይ እንዳለ ሣለው። በልጅነቱ ከጦሩ ጋራ የተታኰሰበትን የንጉሠ ነገሥቱን የመጨረሻ መልክ በእርሳስ ማስቀረት ለእርሱ ደረሰው።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ እንደርሳለን። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በጦርነት ጊዜ መርከበኛ የሚያገኘው በአብዛኛው በአፈሳ ነበረ። አንድ መኰንን ዱላ የያዙ ሰዎች አስከትሎ በወደብ ከተሞች ይዘዋወራል፤ መርከበኛ የሚመስለውን ሁሉ ከመንገድና ከመጠጥ ቤት እየያዘ ይወስዳል። ከሩቅ አገር የሚመለሱ የንግድ መርከቦችም በባሕር ላይ ይቆሙና፥ ለዓመታት ከቤቱ የተለየው ሠራተኛ የሚስቱንና የልጆቹን ዓይን ሳያይ ወደ ጦር መርከብ ይዛወራል። ቢኰበልል ጅራፍ ወይም ከዚያ የከፋ ቅጣት ይጠብቀዋል። መኰንኖች አብዛኛውን ጊዜ ይህን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቈጥሩት ነበር። ማርያት ግን በ1822፥ ገና በአገልግሎት ላይ ሳለ፥ ይህ አፈሳ እንዲቀርና በሌላ ሥርዓት እንዲተካ የሚያሳስብ ጽሑፍ በስሙ አሳተመ።

ይህ በቀላል የታየ ነገር አልነበረም። በ1830 የነገሡት ንጉሥ ዊልያም አራተኛ በወጣትነታቸው ራሳቸው የባሕር ኃይል መኰንን ነበሩ። እንደሚተረከው ለማርያት ሊሰጠው የታሰበውን ክብር ንጉሡ የከለከሉት በዚህ ጽሑፍ ምክንያት ነው። በ1833 የፈረንሳይ መንግሥት ስለ ምልክት መጽሐፉ የሌዢዎን ዶነር ኒሻን ሲሸልመው፥ የገዛ አገሩ ቤተ መንግሥት ግን ፊቱን አዞረበት። አፈሳው ከ1815 ሰላም በኋላ በሥራ ላይ አልዋለም፤ በ1853 ደግሞ መርከበኞች በፈቃዳቸው ለረጅም ዓመት ተዋውለው የሚገቡበት ደንብ ወጣ። ማርያት ይህን ደንብ ሳያይ ሞቷል።

በ1824 ላርን በምትባል መርከብ አዛዥነት ወደ በርማ ዘመተ። በራንጉን ወንዝ የነበረው ጦር ከጠላት ይልቅ በበሽታ ተጐዳ፤ ከመርከቡ ሰዎች ብዙዎቹ በትኵሳት ወደቁ። ማርያት በዚህ ዘመቻ ዳያና የምትባለው በእንፋሎት የምትሄድ ትንሽ መርከብ ከጦሩ ጋራ እንድትሠራ አሳሰበ። የወንዙን ጐርፍና የነፋሱን መጥፋት ሳትፈራ ወደ ላይ ስትወጣና ሌሎቹን ስትጐትት ያዩ ሁሉ ጥቅሟን ተረዱት። በሸራ ያደገው ሰው የሸራ ዘመን ማለፍ መጀመሩን ካወቁት ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ ማለት ነው። በ1825 ካፒቴን ሆነ፥ በ1826ም የባዝ ኒሻን ተሰጠው።

የመጀመሪያው ልብ ወለዱ ፍራንክ ሚልድሜይ የታተመው በ1829 ነው። የሮሳስን ምሽግ፥ የኢምፔሪየስን የአለት ግጭት፥ የዋልኸረንን ንዳድ ሁሉ አስገባበት። ነገር ግን ባለ ታሪኩን ትዕቢተኛ፥ ቂመኛና ሴት አሳዳጅ አድርጎ ስለ ሣለው አንባቢዎች ይህ ደራሲው ራሱ ነው አሉ። ማርያት ጀብዱው የእኔ ነው፥ ጠባዩ ግን የእኔ አይደለም ብሎ ለማስረዳት ብዙ ደከመ። ከዚህም በኋላ በልብ ወለዶቹ ውስጥ የራሱን ገድል ለብዙ ሰዎች እያከፋፈለ መጻፍን ለመደ።

በ1830 አገልግሎቱን ለቆ ሙሉ ጊዜውን ለድርሰት ሰጠ። በዚሁ ዓመት የወጣው ሁለተኛ መጽሐፉ የሚጀምረው መርከበኞች በ1797 ካደረጉት አመፅ ነው፤ አንድ መርከበኛ በአመፁ ተካፋይ በመሆኑ ሲሰቀል ትንሽ ልጁን ለንጉሡ አገልግሎት ትቶ ይሞታል። የመርከበኞችን ችግር በአንድ ቤተ ሰብ መከራ አሳየው ማለት ነው። 

በ1834 ፒተር ሲምፕል የተባለው መጽሐፉ ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ካፒቴን ሳቬጅ የሚባለው አዛዥ ከኮክሬን ጠባይ የተቀዳ መሆኑን ብዙዎች ያምናሉ። ከመጽሐፉ ክፍሎች ሁሉ የገነነው፥ መርከቧ በማዕበል ወደ አለታማ ጠረፍ ስትገፋ አዛዡ የሚያድንበት ክፍል ነው። ሸራዋ ብቻ ሊያዞራት አይችልም። ስለዚህ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ማዞር ስትጀምር መልሕቅ ይጣላል፤ መልሕቁ ወለሉን ይዞ ይስባታል፤ ልክ እንደ ዞረች ገመዱ በመጥረቢያ ይቈረጣል፥ ሸራዎቹም በሌላው ጐን ነፋስ ይሞላሉ። መልሕቁ ይጠፋል፥ መርከቧ ትድናለች። አንዲት ደቂቃ መቸኰል ወይም መዘግየት ግን የሁሉም ሞት ነው። ይህን በዚያ መልክ ለመጻፍ የሚችለው በእንዲህ ያለ ሰዓት በመርከብ ላይ የቆመ ሰው ብቻ ነው።

ሚድሺፕማን ኢዚ የተባለው በ1836 የታተመው መጽሐፉ ይበልጥ የሚነበብ ነው። ሰው ሁሉ እኩል ነው የሚል ፈላስፋ ያሳደገው ጃክ ኢዚ ይህንኑ ትምህርት ይዞ ከጦር መርከብ ሲገባ የሚደርስበትን ያሥቃል። በዚህ መጽሐፍ የጃክ የቅርብ ወዳጅ ሜስቲ የሚባል አፍሪካዊ ነው። በትውልድ አገሩ በአሻንቲ ልዑል የነበረ፥ ተማርኮ በአሜሪካ በባርነት የተሸጠ፥ ከዚያም ጠፍቶ በእንግሊዝ መርከብ የገባ ሰው ነው። በመጀመሪያ ለዕጩ መኰንኖቹ ውሃ ከማፍላት የተሻለ ሥራ አይሰጠውም፤ በአደጋ ጊዜ ግን ብልሃቱና ጀግንነቱ ከሁሉ በልጦ ይታያል።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ይገባል። ማርያት ሜስቲን የሚያናግረው በሚያስቅ የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው፤ በዚህና በሌሎቹም መጻሕፍቱ የዘመኑ ንቀት በየቦታው ብቅ ይላል። የአፈሳን ግፍ በግልጽ ያየው ዓይን፥ የአባቱ ቤት የተሠራበትን ባርነት በዚያው ጥራት አልመረመረም። ቢሆንም የባሪያ ጌታ ልጅ ለአንድ አፍሪካዊ የክብር ታሪክና የነጻነት ጥማት ሰጥቶ መጻፉ ከዘመኑ መጻሕፍት ጋራ ሲመዛዘን የሚታለፍ ነገር አይደለም። የአንድ ደራሲ ድፍረት የሚያበቃበትን ድንበር ማወቅም ለአንባቢ ትምህርት ነው።

በ1837 ወደ አሜሪካ ሄዶ ሁለት ዓመት ያኽል ቈየ። በካናዳ ስለ ተነሣው አመፅ ለእንግሊዝ ወግኖ በመናገሩ አሜሪካውያን ተቈጥተው ምስሉን በአደባባይ አቃጠሉ። ከተመለሰ በኋላ ወደ ልጆች መጻሕፍት አዘነበለ። ልጆቹ በደሴት ላይ ስለ ቀረ አንድ የስዊስ ቤተ ሰብ የሚተርከውን የታወቀ መጽሐፍ ዓይነት እንዲጽፍላቸው በለመኑት ጊዜ፥ ያን መጽሐፍ አንብቦ በባሕር ሥራና በአገሮች ጠባይ የተሞላበትን ስሕተት ሲያይ አዘነ፤ በእርሱ ፈንታ በ1841 ማስተርማን ሬዲ የተባለውን ጻፈ። ልጅ ይታለላል ብሎ ሐሰት መጻፍ ከአዋቂ ማታለል የከፋ መሆኑን ያምን ነበር። በ1847 የታተመው የኒው ፎረስት ልጆች የተባለው ታሪኩም እስከ ዛሬ ይነበባል።

የመጨረሻው ዘመኑ በኖርፎክ አውራጃ በላንግም በሚገኘው እርሻው አለፈ። በዲሴምበር 1847 አቬንጀር የምትባል የእንግሊዝ የእንፋሎት የጦር መርከብ በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ከአለት ጋራ ተጋጭታ ሰጠመች፤ ከሰዎቿ የተረፉት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ከሞቱት አንዱ በአባቱ ስም የሚጠራው ሌፍተናንት ፍሬድሪክ ማርያት ነበረ። ስንቱን ከባሕር ያወጣ አባት የገዛ ልጁን ለባሕር ሰጠ። በሽታ ያደከመው ካፒቴን ይህን ኀዘን ብዙ ሳይቈይበት በኦገስት 9 ቀን 1848 በ56 ዓመቱ ዐረፈ።

ከእርሱ በኋላ የመጡት የባሕር ደራሲዎች ባለ ዕዳዎቹ ናቸው። ፖላንዳዊው የባሕር ሰው ጆሴፍ ኮንራድ በ1898 ስለ እርሱ በአድናቆት ጽፏል። ሲሲል ፎረስተር ከ1937 ጀምሮ ስለ ሆርንብሎወር፥ ፓትሪክ ኦብራያን ከ1969 ጀምሮ ስለ ጃክ ኦብሪ የጻፏቸው ተከታታይ ልብ ወለዶች፥ ማርያት የከፈተውን መንገድ የተከተሉ ናቸው። የኦብራያን የመጀመሪያ መጽሐፍ እንኳ የተመሠረተው በኮክሬንና በስፒዲ ገድል ላይ ነው።

ከዚህ ሕይወት ለተማሪውና በአዲስ ሥራ ላይ ላለው ወጣት ሹም የሚተርፈው ትምህርት ምንድን ነው ቢባል፥ እኛ የምንለው ይህ ነው። ማርያት የሚያገለግለውን ባሕር ኃይል ይወድ ነበር፤ ስለሚወደውም ነውሩን ደበቀ አላለም። በመጀመሪያ ሥራውን እስከ ጥግ ተማረ፤ ስለዚህ ሲነቅፍ አያውቅም የሚለው አልተገኘም። ቀጥሎ በስሙ ጻፈ፤ ስለዚህ ፈሪ የሚለው አልተገኘም። የቀረበት ክብር የአንድ ዘመን ክብር ነበረ። መጻሕፍቱ ግን ያን ክብር የከለከሉት ሰዎች ካለፉ በኋላ ለብዙ ትውልድ ተነበቡ።